እናንተ ባትኖሩ ሞቼ ነበር

ጥቅምት 9

ዛሬም ምንም የለም። ቴአትር ቤቱ «ለእድሳት» ከተዘጋ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። በዚያ በኩል ሳልፍ አየሁት... ርግብ ብቻ ነው የሚገባ የሚወጣው።

እትዬ ከጠዋት ጀምሮ ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። የሰፈሩ ሴት ቀሚስ የሚያስጠብበውም የሚያስሰፋውም እሷ ጋ ነው። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ዕድሜዬን መድረክ ላይ ጨርሼ አሁን ቁልፍ ተካይ! እሷ ግን አትስቅብኝም... አይ፣ ትስቅብኛለች። «ንግሥት ሆነሽ ስትተውኚ የለበስሽውን ማን ሰፋው? አሁን ተራሽ ነው፣ ክር አስገቢ።» እናታችን ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ሃምሳ ካለፈኝ በኋላም ሚጡ ነው የምትለኝ።

ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ከጤና ቢሮ፣ የሕዝብ ግንኙነቱ። ወጣት ነው። ፊቱን ሳላየው ፈገግ እንዳለ ያስታውቃል።

«ማዘር፣ ትንሽ ሥራ ነበረችን። መተኛት ብቻ ነው።»

«ምን ዓይነት መተኛት?»

ሳቀ። የወረርሽኝ ዝግጅት ልምምድ አለ አለኝ። ሚኒስትሩ ይመጣሉ፣ የውጭ እንግዶች ይመጣሉ። በሽተኛ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል።

«ሆስፒታሉ በሽተኛ ሞልቶት የለ እንዴ?»

«እውነተኛ በሽተኛ ለካሜራ አይመችም፣ ማዘርዬ።»

እሺ አልኩት። ከቁልፍ መትከል ይሻላል።

ጥቅምት 12

ሳልረሳው ልጻፈው።

ማዕከሉ ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው፣ ድሮ መጋዘን የነበረው። በሩ ላይ «የወረርሽኝ ሕክምና ማዕከል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቅለዋል። ቀለሙ አልደረቀም፤ ክንዴ ነጭ በነጭ ሆኖ ነው የመጣሁት። አልጋው አዲስ ነው። ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ የሆቴል ስም ተጠልፎበታል... ነርሷ ስሙን ወደ ውስጥ አጠፈችው።

ነርሷ ግን የእውነት ነርስ ናት። ከሆስፒታሉ ጎትተው ነው ያመጧት። ፊቷ ቅጭም እንዳለ ጭምብሉን አፌ ላይ አደረገች፣ ቱቦውን ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጋር አያያዘች። ምንም አልመጣም።

«አየር የለውም» አልኳት ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ። ከጎን በኩል ሳቢ።»

ሚኒስትሩ ገቡ። ጋውናቸው ከመታጠፊያው ላይ መስመሩ ገና አልጠፋም። እንግዶቹ ከኋላ ተከተሉ። እኔም ሥራዬን ጀመርኩ። ደረቴን አነሳሁ፣ ጣልኩ። ዓይኔን አፈጠጥኩ። አንዷ እንግዳ አፏን በእጇ ያዘች። ነርሷ የሆነ ነገር ነካካች፣ እኔም ቀስ እያልኩ ዳንኩ። ሚኒስትሩ ጎንበስ አሉ።

«እንዴት ነዎት፣ እናቴ?»

የምናገረው ቃል አልተሰጠኝም ነበር። ራሴን መነቅነቅ ብቻ። ግን ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያየኝ አፌ እሺ አይለኝም። እጃቸውን ያዝኩና «እናንተ ባትኖሩ ሞቼ ነበር» አልኩ። እንባዬም መጣ። እንባው የውሸት አልነበረም... ሁለት ዓመት ሙሉ ማን አየኝ?

ጭብጨባ! ካሜራው በደንብ ስላልያዘው ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ሁለተኛው ይበልጣል።

እንግዶቹ ወጥተው ሳይርቁ አንድ ፒካፕ ገባ። ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው ሲሊንደሮቹን መጫን ጀመረ። የታችኛው መንገድ በያጅ ነው፤ የግቢያችንን በር የሠራልን።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ንብረቴን እየወሰድኩ ነዋ። ለዛሬ ነው የተከራዩኝ። ባዶ ናቸው፣ ለመታየት ነው አሉኝ።»

እራት ላይ ለእትዬ ስነግራት ሳቀች፣ ሳቀች፣ እስክታስል። ደረቷ ደህና አይደለም፤ ዕድሜ ልኳን የጨርቅ ብናኝ ስትስብ ኖራለች። «እና ሰው ቢታመም በምን ሊያክሙት ነው?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«በኔ!» አልኳት።

እንደገና ሳቅን።

ጥቅምት 13

ቴሌቪዥን ላይ ወጣሁ! ከስር «በልምምዱ ወቅት» ይላል። ሻይ ሳቀርብላት እትዬ እጄን ይዛ፣ ዓይኗን አንከባልላ፣ «እናንተ ባትኖሩ ሞቼ ነበር» አለችኝ። ከኔ ትበልጣለች እኮ... መድረክ መውጣት የነበረባት እሷ ናት።

ኅዳር 18

ድንበር አካባቢ ሳንባ የሚያፍን በሽታ ገብቷል ይላሉ። ሚኒስትሩ በዜና ላይ «ዝግጅታችንን አጠናቀናል» አሉ። ሳቄ መጣ። ዝግጅቱን አውቀዋለሁ፤ ተኝቼበታለሁ።

ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ታኅሣሥ 3

ከተማ ገብቷል። ከላይኛው ሰፈር ሰው እየሞተ ነው። እትዬ ከቤት እንዳትወጣ ከልክያታለሁ። ደንበኞቿ ጨርቅ በአጥር ያቀብሉናል።

ፊልሙን ዛሬ እንደገና አሳዩት። ዜና በመጣ ቁጥር እኔ። ግን «በልምምዱ ወቅት» የሚለው ጠፍቷል። ከስር የተጻፈው «ከበሽታው ያገገሙ እናት» ነው።

ደወልኩለት ለባለ ፈገግታው።

«ተሳስታችኋል። አስተካክሉት።»

«ስህተት አይደለም፣ ማዘር። ሕዝቡ ደንግጧል። የሚያረጋጋ ፊት ይፈልጋል። የርስዎ ፊት ደግሞ ያረጋጋል።»

«እኔ እኮ አልታመምኩም!»

«ታዲያ ተመስገን አይሉም?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቴአትር ቤቱ በቅርቡ ሊከፈት ነው፣ ሚኒስትሩ ራሳቸው ስለኔ ጠይቀዋል፣ እንዲህ ያለች ተዋናይት እንዴት ቤቷ ትቀመጣለች ብለዋል... ስልኩን ዘጋሁት። ግን እምቢ አላልኩም። ለምን አላልኩም?

እትዬ ሰምታኝ ኖሯል። «ውጪና ለሰው ተናገሪ፣ ሚጡ። ዛሬውኑ።»

«ነገ» አልኳት።

ታኅሣሥ 6

መንገድ ላይ «የዳነችው» ይሉኛል። አንዲት ሴት ልጇን ወደኔ ገፋ አደረገችና «ንኪልኝ» አለች። ዳቦ ቤት ተራ ለቀቁልኝ።

አላስተባበልኩም። ዳቦው ትኩስ ነበር።

ታኅሣሥ 11

ባለሱቁ መጣ። በራችን ፊት ለፊት ነው ሱቁ፤ ሳሙናም ስኳርም ክርም ከሱ ነው የምንገዛው። ሚስቱ ከታመመች ሰንብታለች። ደጁ ላይ ቆመ።

«የት ነው ያዳኑሽ? ማንን ልጠይቅ?»

ነገርኩት። ሁሉንም ነገርኩት። አልታመምኩም፣ ትወና ነው፣ ሲሊንደሩ የበያጁ ነው፣ ባዶ ነው፣ ብርድ ልብሱ የሆቴል ነው። አፌ እስኪደርቅ።

አየኝ... እንዴት ያለ አስተያየት ነው!

«በዓይኔ አየሁሽ እኮ። ሚኒስትሩ እጅሽን ይዘው።»

«ውሸት ነው እልሃለሁ! አትውሰዳት። ሆስፒታሉ ይሻላል፣ እዚያ ውሰዳት።»

«ሆስፒታሉ ሞልቷል ብለው መለሱን። ገባኝ። ቦታው ለናንተ ብቻ ነው። ዘመድ ያለው ይገባል፣ እኛ እንሙት።»

እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እትዬ ከውስጥ «እውነቷን ነው! አትሂድ!» ብላ ጮኸች። አልሰማም። ሚስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታክሲ ውስጥ አስገባት። ስታልፍ በመስኮቱ አየችኝ። ተስፋ ነበር ዓይኗ ውስጥ። በኔ ላይ!

ታኅሣሥ 12

ማዕከሉ ዝግ ነው። ዘበኛው «አልጋው ተወስዷል፣ እዚህ ያለው ወንበር ነው» አለው አሉ። ባለሱቁ በሩን ሲደበድብ፣ ሲለምን፣ ሲሳደብ... ሚስቱ ታክሲው ውስጥ ሞተች። ሰሌዳው ግን አሁንም አለ።

ታኅሣሥ 15

ሱቁን ከፈተ። ሳሙና ጨርሰን ስለነበር ሄድኩ። ምን እንደምለው መንገዱን ስሻገር እንኳ አላወቅኩም።

«ሳሙና ስጠኝ...»

ቀና ብሎም አላየኝ። «ለዳኑ ሰዎች አልሸጥም።»

ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች ቀደሙኝ። በቀደም ዳቦ ቤት ተራ የለቀቁልኝ ናቸው።

ታኅሣሥ 19

እትዬ ትኩሳት ይዟታል። ሳሉ የድሮው ሳል ነው ትላለች። የድሮውን ሳሏን እኔ አውቀዋለሁ። አይደለም።

ከየት አመጣችው? እሷ ከቤት አልወጣችም። የወጣሁት እኔ ነኝ። ዳቦ ቤት... ያችን ልጅ ስነካ...

አላስብም። አላስብም።

ታኅሣሥ 22

ሆስፒታል ነን። ኮሪደር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው ያስተኛኋት። ራሷ ጭኔ ላይ ነው፤ በአንድ እጄ ይዣታለሁ፣ በሌላው እጽፋለሁ። ካልጻፍኩ እጮኻለሁ።

ነርሷ ያችው ናት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አወቀችኝ።

«አንድ ሲሊንደር ነው ያለን። ለአራት ሰው እያዞርን ነው።»

«እትዬስ?»

«ከዚያ ልጅ በኋላ። ከደረሰ።»

«ባክሽ እህቴ...»

«አንቺ ድነሻል አይደል? የት እንደዳንሽ ጠይቂያቸውና እዚያ ውሰጃት።» ይህን ብላ ሄደች። ይቅርታም አላለችኝ። እንድትልም አልጠበቅኩም። በባዶው ቱቦ ላይ ሁለታችንም ነበርን፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ በየቀኑ የሰው ሞት ስታይ ነው የከረመችው።

እትዬን ለአጠገቧ አስታማሚ አደራ ብዬ ወደ በያጁ ሮጥኩ። በያጅ ኦክስጅን አያጣም! እንዴት ቀድሞ አልመጣልኝም?

ሱቁ በር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እጁ ላይ ሥራ የለም።

«ሙሉ ሲሊንደር ስጠኝ! እትዬ ልትሞትብኝ ነው!»

«እናቴን! ትናንት ብትመጪ... ከሚኒስቴሩ መኪና መጣና ያለኝን ሁሉ ጫነው። ለባለሥልጣኖቹ ሰፈር ነው፣ ለየቤቱ አንድ አንድ።»

«ታመው ነው?»

«ማንም አልታመመም። ለጥንቃቄ ነው አሉ።»

ለጥንቃቄ።

ተመልሼ መጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። አሁን ቀና ስል ራሴን አያለሁ። የሚኒስትሩን እጅ ይዤ አለቅሳለሁ። «እናንተ ባትኖሩ ሞቼ ነበር።» ይሄ ሁለተኛው ነው፣ የተሻለው። ሰው ሁሉ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያል። የእትዬ ደረት ጭኔ ላይ ይነሳል፣ ይወድቃል። እኔ የሠራሁት እንዲህ አልነበረም። የእውነቱ እንዲህ አይደለም የሚመስለው... ድምፁ ሌላ ነው። ፊቱም ሌላ ነው።

«አጥፉልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማጥፊያው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

እትዬ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «የልጅቷ ቀሚስ...» አለች። «ጠርዙን አልጨረስኩትም። በሰማያዊ ክር ነው... በጥቁር እንዳታደርጊው።»

«እሺ እትዬ።»

«አንቺ እኮ ታደርጊዋለሽ።»

ታኅሣሥ 23

ያ ልጅ ሞተ፣ ተራዋ ደረሰ። ጭምብሉን ይዘው ሲመጡ እትዬ የለችም። ለሚቀጥለው ሰው ወሰዱት።

ታኅሣሥ 29

በሰማያዊ ክር ጨረስኩት።

የካቲት 10

በሽታው ቀስ እያለ ነው። ከፊሉን ጨርሶ ደከመው መሰለኝ።

መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሟል። «ተጠያቂነት ይረጋገጣል» ይላል ሬዲዮው። የሚያውቅ ይምጣና ይናገር ብለዋል። እኔ አውቃለሁ። ደወልኩ። ቀን ሰጡኝ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። የስፌት መኪናው ላይ ጨርቅ አለበስኩበት። ባየሁት ቁጥር ሰው የቆመ ይመስለኛል።

የካቲት 17

ከኮሚሽኑ መጣሁ።

አዳራሹ በር ላይ ሚኒስትሩን አገኘኋቸው። ከጠበቃቸው ጋር እየሳቁ ነበር። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ። «እንዴት ነዎት፣ እናቴ?» አሉኝ። አላወቁኝም። እንደዚያ ቀን አድርገው ነው ያሉት፣ በዚያው ድምፅ።

ሰብሳቢው መልካም ሽማግሌ ይመስላል። ተናገርኩ። ስለ ቀለሙ፣ ስለ ሆቴሉ ብርድ ልብስ፣ ስለ ባዶው ሲሊንደር... ጥሩ ተናገርኩ። ሰዉ ሁሉ ጸጥ አለ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አውቃለሁ፤ ያመኑኝ መሰለኝ። ከዚያ ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ያንን ቃል እንድትናገሪ ክቡር ሚኒስትሩ አዘውሽ ነበር?»

«አላዘዙኝም።»

«የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጽፎ ሰጥቶሽ ነበር?»

«አይ... አልሰጠኝም።»

«ታዲያ ቃሉ የማን ነው?»

ምን ልበል? ለመዋሸት አልሄድኩም።

«የኔ ነው።»

«ሕዝቡ አምኖ የተዘናጋው በዚያ ቃል ነው። ፊልሙ ሲሰራጭ ወጥተሽ አስተባብለሻል?»

«ለጎረቤቴ ነግሬዋለሁ...»

«ለሕዝብ?»

ዳቦው ትዝ አለኝ።

«እናመሰግናለን። ጨርሰናል።»

«ስለ እህቴ አልነገርኳችሁም እኮ! ሲሊንደሩን የወሰዱት...» ስል ማይክሮፎኑ ጠፋ። ድምፄ ያለ ማይክሮፎን ከኋላ ረድፍ ድረስ ይሰማል፤ ዕድሜዬን በሱ ነው የኖርኩት። ጮህኩ። ሁሉም ሰምተዋል። ጸሐፊው ግን እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር።

መጋቢት 8

ሪፖርቱ ወጣ። በሬዲዮ ሰማሁት።

በያጁ «ደረጃውን ያልጠበቀ የሕክምና ዕቃ በማቅረብ» ሱቁ ታሸገ። ነርሷ «የመሣሪያ ጉድለት እያወቀች ለበላይ ባለማሳወቋ» ከሥራ ታገደች። ለማን ታሳውቅ? የበላዩ ሁሉ አልጋዬን ከቦ ሲያጨበጭብ ነበር!

እኔ ደግሞ «ሐሰተኛ መረጃ በማሰራጨት ሕዝብን በማዘናጋት» ክስ ይመሠረትብኛል።

ሚኒስትሩ ከዚህ ሁሉ «ትምህርት ተወስዷል» አሉ። በሌላው ዜና፣ በሌላ አገር አምባሳደር ሆነው ተሹመዋል። ባለ ፈገግታው አብሯቸው ይሄዳል።

ሚያዝያ 2

ፍርድ ቤት። የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተጠራ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ባለሱቁ።

ኮቱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ። እንዲህ አምሮበት ያየሁት በሚስቱ ቀብር ዕለት ብቻ ነው።

«ሚስቴን የገደለቻት እሷ ናት» አለ። ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። «እሷን አይቼ ነው የወሰድኳት።»

ጠበቃዬ ተነሳ። «ከመሄድህ በፊት ትወና ነው፣ አትሂድ ብላ አልነገረችህም?»

ያኔ ነው ያየኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አልሰማሁም» አለ።

ውሸት ይሁን እውነት አላውቅም። ሰው ሚስቱ አጠገቡ እየታፈነች ምን ይሰማል?

ስምንት ወር ፈረዱብኝ። እጄን ለካቴና ዘረጋሁ። ፖሊሱ ግን ወደኋላ አለ። ማረሚያ ቤቱ ከበሽታው ነጻ የሚል የምርመራ ውጤት ካልያዝኩ አይቀበለኝም። የሌሎቹ ታራሚዎች ጤና እንዳይጎዳ ነው አሉኝ። ውጤቱ እስኪደርስ ቤቴ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ከሰፈር እንዳልወጣ ፈርሜያለሁ።

ስለ ሳንባዬ መንግሥት ሲጨነቅ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ከፍርድ ቤቱ ደጅ ዝናብ ያዘን። ባለሱቁና እኔ አንድ ጣሪያ ስር ቆምን። ሌላ መጠለያ የለም።

«ሚኒስትሩን ልክሰስ ብዬ ነበር የሄድኩት» አለ፣ ዝናቡን እያየ። «አይቻልም አሉኝ። ያንቺን ስም ሰጡኝ።»

«እና ወሰድከው።»

«ወሰድኩት።»

«ቀለለህ?»

ታክሲ መጣ። ወደኛ ሰፈር የሚሄድ እሱ ብቻ ነበር፤ ሁለታችንም ገባን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እስክንወርድ ሹፌሩ ብቻውን ሲያወራ ነበር።

ሚያዝያ 6

ውጤቱ መጣ። ጤነኛ ነኝ። ነገ ጠዋት እገባለሁ።

ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። የሰው ጨርቅ እንዳይቀር ሁሉንም ለየባለቤቱ መለስኩ። አንዷ ሴት በአጥር ተቀብላኝ፣ ሳታመሰግነኝ፣ በሁለት ጣቷ ይዛው ገባች።

የቀረው የቤቱ ቁልፍ ነው። ለማን ልስጠው? አሰብኩ... የእትዬ ወዳጆች ሞተዋል። የቴአትር ጓደኞቼ ስልኬን አያነሱም። ነርሷ ወደ አባቷ አገር ሄዳለች አሉኝ። ሰው ሳስብ፣ ሰው ስፈልግ፣ ቀና ስል... መስኮቱ ፊት ለፊት ሱቁ።

ተሻገርኩ። ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«ስምንት ወር ነው» አልኩት።

ቁልፉን አየው። አልነካውም።

«ሌላ ሰው የለሽም?»

«የለኝም። አንተስ?»

እጁን ዘረጋና ወሰደው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ይቅርታ አልጠየቀኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

መንገዱን ልሻገር ስል ከኋላዬ ጠራኝ።

«መስኮቱን አልፎ አልፎ ልክፈተው? ቤት ሲታፈን ይበላሻል።»

«ክፈተው» አልኩት።